ሐላል መሆኑ ብቻ ይበቃልን?

ስለ ምግብ የምንጠይቀው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። «ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» እንላለን። ከብቱን ማን እንዳረደው፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ፣ በወጡ ውስጥ የተከለከለ ነገር መግባት አለመግባቱን እናጣራለን። ማጣራቱ ተገቢ ነው፤ ግዴታም ነው። መልሱ «ሐላል ነው» የሚል ከሆነ ግን ጥያቄያችን እዚያው ላይ ያበቃል። ምን ያህል? በቀን ስንት ጊዜ? ይህ ሰውነት ከዚህ በላይ ይችላልን? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አንድ ሰው በላቡ ባገኘው ገንዘብ የገዛውን ሐላል ምግብ ከመጠን በላይ እየበላ ጉልበቱ የማይሸከመው ውፍረት ላይ ቢደርስ፣ በዚህም ሳቢያ ቢታመምና «ማንን በደልኩ? የበላሁት የራሴን ነው» ቢል መልሳችን ምን ይሆን?

ውድ አንባቢያን! ይህ ጥያቄ ለሁሉም ዕድሜ የሚሆን ቢሆንም ከሁሉም ይበልጥ የሚመለከተው አርባን የተሻገርነውን ነው። ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች ለማብራራት እሞክራለሁ።

መጠናችንን ይሰፍሩልን የነበሩት

ልጆች ሳለን የምንበላውን የምትሰፍርልን እናታችን ነበረች። ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ የምታውቀው እሷ ናት። ከፍ ስንል ደግሞ ብዙዎቻችንን ማጣት ሰፈረልን። ቁርኣን ሊቀራ ከወላጆቹ ቤት ርቆ የሄደ ደረሳ የሰፈሩ ሰው ከሚሰጠው ቁራሽ በላይ ልብላ ቢል ከየት ያገኛል? ገበሬውን የሚሰፍርለት ሥራው ነው፤ ጠዋት የበላውን እርሻው ላይ ያወጣዋል። ገበያ ለገበያ የሚዞረው ነጋዴም የበላውን መንገዱ ይጨርስለታል።

አርባ ዓመት ገደማ ሲደርስ ግን፣ አላህ ላገራለት ሰው፣ ነገሩ ይለወጣል። ዞሮ የሚሸጠው ሱቅ ይከፍትና ወንበር ላይ ይቀመጣል። በእግሩ ይመላለስ የነበረው ታክሲ ወይም ባጃጅ ይይዛል። ኳስ ትቷል፤ ውሃና እንጨት የሚሸከሙለት ልጆች አድገዋል። በአንጻሩ ክብሩ ይጨምራል። ሰደቃ ላይ ከፊት ያስቀምጡታል፤ ጥሩው ሥጋ ወደ እሱ ይገፋል፤ ቤቱም ሲገባ የአባወራው ድርሻ ተለይቶ ይጠብቀዋል። ሰውነቱ የሚፈልገው ሲቀንስ የሚቀርብለት ይጨምራል ማለት ነው። «በቃህ» የሚለው ሰው ግን የለም። እናቱ አርጅታለች፤ ወይም ወደ አኺራ ሄዳለች። ማጣቱም ርቆታል። ሚስቱ አንድ ቃል ብትናገር «በገዛ ቤቴ ምግብ ልትከለክለኝ ነው» ይላል።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። እስከ አርባ ዓመት ገደማ መጠናችንን ሌሎች ይሰፍሩልናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰፋሪዎቹ እኛው ራሳችን ነን። ሌላ ሰው በሰፈረለት መጠን የሚኖር ሰው ጠገበም ተራበም ብዙ ተጠያቂነት የለበትም። መስፈሪያው በእጁ የገባ ሰው ግን በሰፈረው ልክ ይጠየቅበታል። ስለዚህም በዚህ ዕድሜ አመጋገብ የጤና ብቻ ሳይሆን የአማና ጉዳይ ይሆናል።

ቁርኣን በሱረቱል አሕቃፍ 15ኛው አንቀጽ ላይ ሰው ብርታቱን አሟልቶ አርባ ዓመት ሲደርስ ጌታውን የሚለምነውን ያወሳል። ልመናው አላህ ለእሱና ለወላጆቹ የዋለውን ጸጋ ያመሰግን ዘንድ እንዲያገራው ነው። አርባ ዓመትና ምስጋና አብረው መወሳታቸውን ልብ እንበል። ሰውነትም ከተሰጡን ጸጋዎች አንዱ ነው። የአንድ ጸጋ ምስጋና በአፍ «አልሐምዱሊላህ» ማለት ብቻ ሳይሆን ጸጋውን ለተሰጠበት ዓላማ ማዋልም ጭምር ነው።

«ዕድሜ ነው» የሚለው ምክንያት

ሆዱ እየገፋ የሄደ ሰው ሲጠየቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው መልስ «ምን ላድርግ፣ ዕድሜ ነው» የሚል ነው። በአርባ ዓመት ሰውነት ምግብ ማቃጠሉን ይቀንሳል፣ ከዚያ በኋላ ውሃም ቢጠጡ ያወፍራል ይባላል። ይህ አባባል ሐኪም ቤት ሳይቀር ሲነገር ስለኖረ ብዙ ሰው አምኖታል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። ጥናቱ በ29 ሀገሮች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ8 ቀን እስከ 95 ዓመት የሆኑ፣ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ያካተተ ነበር። የሰውነት መጠናቸው ከግምት ገብቶ ሲሰላ ሰው በቀን የሚያቃጥለው ኃይል ከ20 ዓመቱ እስከ 60 ዓመቱ ድረስ ያን ያህል እንደማይለወጥ፣ መቀነስ የሚጀምረውም ከ60 ዓመት በኋላ እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ደርሰውበታል። በእርግጥ ጡንቻ እንቅስቃሴ ካጣ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል፤ በሴቶችም ዘንድ የወር አበባ በሚቋረጥበት ወቅት ስብ ወደ ሆድ አካባቢ ማዘንበሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን በ45 ዓመቱ ቦርጭ ያወጣ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በዕድሜው ላይ መጫን አይችልም። ከዕድሜው ይልቅ የተለወጡት ወንበሩና ሳህኑ ናቸው።

ይህ መርዶ ሳይሆን የምሥራች ነው። ዕድሜን የሚመልሰው የለም፤ ሳህንን ግን የባለቤቱ እጅ ይመልሰዋል።

ነገሩ የሚመጣውም በአንድ ቀን ግብዣ አይደለም። በዓመት 1 ኪሎ ብቻ የሚጨምር ሰው ከ30 ዓመቱ እስከ 50 ዓመቱ 20 ኪሎ ይሸከማል። 1 ኪሎን ደግሞ ማን ያስተውላል? ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ይለቃል እንጂ ሌላ ምልክት የለውም። ለምሳሌ ሻይን እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል ይመክራል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በየብርጭቆው 3 ማንኪያ እያደረገ በቀን 5 ሻይ የሚጠጣ ሰው 60 ግራም ስኳር ጨርሷል። ይህም ለስላሳውን፣ ብስኩቱንና ሐላዋውን ሳንቆጥር ነው። ዘይትም እንዲሁ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ይህን ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ገደማ በእግር መሄድ ያስፈልጋል። ወጣችን ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ስንት ማንኪያ እንደሆነ እያንዳንዱ ቤቱን ይመልከት።

ሦስት ባለሐቆች

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። «የራሴን በላሁ፤ ማንን በደልኩ?» ለሚል ሰው ቢያንስ ሦስት ባለሐቆች ይቀርቡበታል።

የመጀመሪያው የገዛ አካሉ ነው። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ወንድሙን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ሊጎበኝ ሄዶ ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት ሲያሳልፍ ባገኘው ጊዜ እንዲበላና እንዲተኛ አደረገው። ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸውና ለእያንዳንዱ ሐቁን ስጥ ሲል መከረው። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገራቸው ሰልማን እውነቱን ነው ብለው አጸደቁለት። በዚህ ታሪክ ሰልማን ወንድሙን ያዘዘው እንዲበላ ነበር። ሐቁ የተጓደለው አካል የተራበው ስለነበረ ነው። የዛሬው የእኛ አካል ሐቁ የሚጓደለው በረሃብ ብቻ አይደለም። ጉልበት ከሚችለው በላይ ሲሸከም፣ ልብ ከሚችለው በላይ ሲገፋ፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ሲመጡ የተጓደለው ያው ሐቅ ነው። ሰውነታችን የእኛ ንብረት ቢሆን ኖሮ «የራሴን በላሁ» ማለት ያስኬድ ነበር። ነገር ግን በአደራ የተሰጠን ነው፤ ባለአደራ ደግሞ አደራውን እንዳሻው አያደርገውም።

ሁለተኛው ባለሐቅ ቤተሰብ ነው። የ50 ዓመት ሰው በስኳር ምክንያት ቢታመም የሚታመመው ብቻውን አይደለም። ሱቁ ይዘጋል፤ ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ ሐኪም ቤት ያመላልሳል፤ ለመድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ ከልጆቹ ጉሮሮ ይቀነሳል። እንግዲያው ያቺ ተጨማሪ ጉርሻ የበላተኛው ብቻ አልነበረችም፤ ዋጋዋን የሚከፍሉት ብዙዎች ናቸው።

ሦስተኛው የተራበው ጎረቤት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት፣ የሦስቱም ለአራት እንደሚበቃ አስተምረዋል። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው እንግዳ ሲበዛብን ለመጽናናት ነው። ጥልቅ ብለን ካሰብንበት ግን ሌላ ነገርም ይነግረናል። ሦስት ሰው የሚያበቃውን ሁለት ሰዎች ከጨረሱት የሦስተኛው ድርሻ የት ገባ? ጤፍና ዘይት በተወደደበት ዘመን ይህ የሐሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

«ሪዝቅ ነው፤ የመጣን ሪዝቅ መግፋት ኒዕማን መካድ ነው» የሚል ይኖራል። ሪዝቅነቱ እውነት ነው። ሆኖም በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ መብላትንና መጠጣትን ያዘዘው ቃል ወዲያው አስከትሎ ከመጠን ማለፍን ይከለክላል። ፈቃዱና ገደቡ በአንድ አንቀጽ ውስጥ የመጡ ስለሆኑ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም። ሚቅዳም ኢብን መዕዲ ከሪብ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስም ለሰው ልጅ ወገቡን የሚያቀኑለት ጥቂት ጉርሻዎች እንደሚበቁት፣ ግድ ከሆነም የሆድን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶ ለመጠጥ፣ ሲሶ ለትንፋሽ እንዲያደርግ ተመክሯል። እንግዲህ ሐላልነት የምግቡን ዓይነት ይፈታል እንጂ መጠኑን ልቅ አያደርግም።

ልግስናችንና መሐላችን

እስካሁን የተናገርነው ስለ በላተኛው ነው። ፍትሕ ግን ስለ ጋባዡም እንድንናገር ያስገድደናል። በእኛ ሀገር ሰው የሚወፍረው በገዛ እጁ ጉርሻ ብቻ ሳይሆን በሌላ ሰው ጉርሻም ጭምር ነውና።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ አንድ የማውቃቸው ሐጂ አሉ። ሐኪም ስኳር እንዳለባቸውና ክብደት መቀነስ እንዳለባቸው ነግሯቸዋል። እሳቸውም ቤታቸው ውስጥ ይጠነቀቃሉ። ችግሩ ያለው ሰደቃ ላይ ነው። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ የሆነውን አይቻለሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ በቃኝ» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ባለቤቱ መጣና «ሐጂ፣ ምን በሉና! ይቺን ብቻ» አለ። «ሐኪም ከልክሎኛል ልጄ» አሉት። «የሰደቃ ምግብ አይጎዳም፤ ወላሂ ሳይበሉማ አይነሱም!» ሲል ማለ። መሐላ ከተሰማ በኋላ ምን ይደረጋል? ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ቤት ወጥተው ሌላ ቤት ሲሄዱም ሌላ መሐላ ጠበቃቸው። ዛሬ ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰግዳሉ። ለታመመ ሰው ሸሪዓው አግርቷልና ነውር የለበትም። ነገር ግን «ግንባሬን መሬት ማስነካት ናፈቀኝ» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ያ የማለው ጋባዥ ይህን ቢሰማ ምን ይሰማው ይሆን? በእርግጥ እሱ ክፉ አላሰበም። ያከበራቸው መስሎት ነው።

ከነቢያት ሁሉ በእንግዳ ተቀባይነቱ የሚታወቀው ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ነው። በሱረቱ-ዛሪያት ውስጥ እንግዶች በመጡበት ጊዜ ያደረገው ተተርኳል። የሰባ ጥጃ አዘጋጅቶ አቀረበላቸው፤ ከዚያም አትበሉምን? በሚል ጥያቄ ጋበዛቸው። አላዘዛቸውም፤ አልማለባቸውም። የተፍሲር ዑለማእ በዚህ አጋበዝ ውስጥ ያለውን ልዝብነት ያነሳሉ። ለምግቡ ምንም አልሰሰተም፤ ምርጫውን ግን ለእንግዶቹ ተወላቸው። ከእሱ የበለጠ ለጋስ የለንምና ልግስናችንን ለማሳየት ከእሱ ዘንድ ያልነበረ መሐላ አያስፈልገንም።

ሌላው ሰው የማለበትን መሐላ እንዲፈጸምለት መርዳት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዞች አንዱ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ዑለማእ ይህ ጉዳት በሌለበት ጊዜ እንደሆነ አብራርተዋል። ለታመመ ሰው ጉዳት ካለው «ይቅር በለኝ» ብሎ መተው ይችላል። ሰው ከልቡ አስቦበት የማለውን መሐላ ሲያፈርስ ደግሞ ማካካሻው በሱረቱል ማኢዳ 89ኛው አንቀጽ ላይ ተቀምጧል፤ ከተዘረዘሩት አማራጮች አንዱ 10 ድሆችን ማብላት ነው። እስቲ አስቡት! ጠግቦ ለተቀመጠ አንድ ሰው ተጨማሪ ጉርሻ ሊያጎርስ የማለ ሰው መጨረሻው 10 የተራቡትን መመገብ ይሆናል። መጀመሪያውኑ ምግቡ የሚያስፈልገው ለማን እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ያለ አይመስለኝም።

«ከሚደፋ ከምበላው»

የእናቶችና የእህቶች ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት። እነሱ የሚወፍሩት ከፊት ተቀምጠው ጥሩው ሥጋ ስለሚገፋላቸው አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከሁሉም በኋላ የሚበሉ እነሱ ናቸው። ወጡን ሲሠሩ ይቀምሳሉ፤ ልጆቹን ሲያበሉ የተረፈውን ይጨርሳሉ፤ በመጨረሻም የራሳቸውን ይበላሉ። ለምን ይህን ሁሉ እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ «ከሚደፋ ከምበላው ይሻላል፤ መድፋት ኢስራፍ ነው» ይላሉ።

ምግብ መድፋት ኢስራፍ መሆኑን እቀበላለሁ። ሆድ ግን የተረፈ ምግብ ማጠራቀሚያ አይደለም። ለማይፈልገው ሰውነት የተሰጠ ምግብም ባክኗል፤ ልዩነቱ ቆሻሻ ላይ የተደፋው አለማሳመሙ ነው። መፍትሔው ሲሠራ መጠኑን መቀነስ፣ የተረፈውን ለነገ ማስቀመጥ፣ ወይም ሳይነካካ በጊዜ ለጎረቤት መላክ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ አባወራው ድርሻ አለው። ሚስቱ በየዕለቱ አራት ዓይነት ወጥ እንድትሠራ የሚፈልግ ሰው የሚተርፈውን ማን እንደሚበላው ሊያስብ ይገባዋል። እሱ ለሶላት ወደ መስጊድ፣ ለሥራ ወደ ገበያ ይወጣል፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ እቤት ከዋለች የምትራመድበት ሰዓት ሊመቻችላት ይገባል። የእሷም አካል በእሷ ላይ ሐቅ አለው።

ሚዛን ኢማንን አይመዝንም

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር እወዳለሁ። ከላይ የተባለውን ይዞ ወፍራም ባየ ቁጥር «ሆዳም» ብሎ የሚፈርድ እንዳይኖር። ውፍረት መንስኤው ብዙ ነው። በዘር የሚወረስ አለ፤ ከእንቅርት ዕጢ መታወክ የሚመጣ አለ፤ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያወፍራሉ። በእንቅልፍ ማጣትና በጭንቀት የሚወፍርም ሞልቷል። በተቃራኒው ደግሞ ቀጭን ሆኖ በሆዱ የሚገዛ አለ። ስለዚህ ሚዛን ላይ የሚወጣው ቁጥር ኪሎ ይነግረናል እንጂ የማንንም ኢማን አይነግረንም። በሰው ሰውነት መቀለድ በራሱ በደል ነው፤ ሰውዬውም ከመቀነስ ይልቅ ከሰው ተደብቆ እንዲበላ ያደርገዋል።

በተጨማሪም ኒያ መታየት አለበት። በዘመናችን ለመታየት ሲሉ ብቻ ራሳቸውን የሚያስርቡ አሉ። ኢማም አል-ገዛሊ ኢሕያእ ዑሉሚዲን በተባለው ሥራቸው ሁለቱን ስሜቶች ማለትም የሆድንና የብልትን ስሜት ስለ መግራት አንድ ክፍል ጽፈዋል። ከዛሬ 900 ዓመት በላይ በፊት የተጻፈ ቢሆንም ስለ ረሃብ ጥቅም ካወሱ በኋላ የሚደርሱበት መደምደሚያ መካከለኛነት ነው። የተሻለው መጠን ሰውዬው የሆድ ክብደትም የረሃብ ሕመምም ሳይሰማው የሚቀርበት ነው ይላሉ። ምግብ በመተው ስም ወደ ይዩልኝ መውደቅ እንዳለም ያስጠነቅቃሉ። ሆዱን ገዝቶ ለሰው አድናቆት የተገዛ ሰው ጌታ ቀየረ እንጂ ነጻ አልወጣም።

ከየት እንጀምር?

በመጀመሪያ ያለንበትን እንወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቀምበት ስሌት ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ከ72 ኪሎ ሲያልፍ ክብደቱ ከልክ በላይ ነው፤ 87 ኪሎ ገደማ ሲደርስ ደግሞ ከበሽታ ይቆጠራል። የወገብ ዙሪያም ይለካል። ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የስኳርና የልብ በሽታ ሥጋት ይጨምራል። ለዚህ የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚጠበቅብን ብዙ እንዳልሆነ እንወቅ። በአሜሪካ 3,234 ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣ አንድ ጥናት አለ። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 51 ዓመት ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ሰዎች፣ ይህ ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በስኳር በሽታ የመያዛቸው ዕድል በ58 በመቶ ቀንሷል። ለ86 ኪሎ ሰው 7 በመቶ ማለት 6 ኪሎ ነው። 150 ደቂቃ ደግሞ በሳምንት ለ5 ቀናት የ30 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። መስጊዱ የ15 ደቂቃ መንገድ የሚርቅ ሰው ለአንዲት ሶላት ብቻ በእግሩ ሄዶ ቢመለስ ቀኑን ሞላው። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

የሻይ ስኳርን ከ3 ማንኪያ ወደ 2፣ ከወር በኋላ ወደ 1 ማውረድ ይቻላል፤ ምላስ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ጡንቻ እንዳይሳሳ ዕቃችንን ራሳችን እንሸከም፤ ልጅ አንላክ። በአንድ ትሪ ስንበላ ከፊት ለፊታችን ብቻ መብላት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዑመር ኢብን አቢ ሰለማ (ረ.ዐ.) በልጅነቱ ያስተማሩት አደብ ነው፤ ከፊታችን ያለው ሲያልቅ ማቆምም ጥሩ መስፈሪያ ይሆነናል።

የረመዷንን ነገር በተለይ እናስብበት። በሀገራችን ከ13 ሰዓት በላይ ጾመን በኢፍጣር ሰዓት በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ጣፋጭ ጭማቂና ለስላሳ ከደራረብን፣ ከተራዊሕ በኋላ ደግሞ እንደገና ከተቀመጥን ወሩ ሲወጣ ክብደት ጨምረን መገኘታችን አይቀርም። ነፍስን ሊገራ የመጣ ወር ሆድን አስፍቶ ከሄደ መስፈሪያውን ማን እንደያዘው ራሳችንን መጠየቅ አለብን። ሰኞና ሐሙስን መጾምም ለሚችል ሰው ትልቅ ሱና ነው። ሆኖም ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መጾም የለበትም፤ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ለአደጋ ሊዳርገው ይችላልና። የታመመን ሰው አላህ አግርቶለታል፤ ያገራለትን መቀበልም ዒባዳ ነው።

በመጨረሻም የአነጋገር ልማዳችንን እናስተካክል። የወፈረን «ተመችቶሃል» የከሳን «ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?» እንላለን። ሐኪም ታዝዞ ስድስት ወር ታግሎ 6 ኪሎ የቀነሰ ሰው ይህን ቃል ከአሥር ሰው ሲሰማ ልፋቱን ይተወዋል። «አላህ ያበርታህ» ብንለው ምን ይጎድልብናል? ሰደቃ የምንጠራም «በቃኝ» ያለንን ሰው ቃሉን እንመን። የምናጎርሰው ከተረፈን ደጃፋችን ላይ «በቃኝ» ለማለት ያልታደለ አይጠፋም።

አላህ የሰጠንን አካል ሐቁን ከሚጠብቁለት፣ ጸጋውንም በመጠኑ ተጠቅመው ከሚያመሰግኑት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።